ዜሮ ማርሽ በቁልቁለት

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን የምለው ልመጻደቅበትም ላፍርበትም አይደለም፤ አንዱ ረጅም ነው፣ አንዱ አጭር ነው እንደሚባለው ነው። መብረቅ እፈራለሁ። የጋዝ ሲሊንደር እፈራለሁ። የአወቱ ወንዝ በክረምት ደፍርሶ ሲሞላ ድልድዩ ላይ መቆም እፈራለሁ። ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ካለችው የስፌት ቤቴ ወጥቼ፣ ካውያውን ነቅዬው እንደሆነ ለማየት ከመንገድ ያልተመለስኩበት ቀን ጥቂት ነው። ባለቤቴ በዚህ ሲስቅብኝ ኖሯል። «ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ አንቺ ግን ለእናትሽም፣ ለባልሽም፣ ለጎረቤትሽም ጭምር ነው የምትፈሪው» ይለኛል።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን ቁልቁለት ነው። ይሄኛው ምክንያት አለው። ታላቅ ወንድሜ፣ አላህ ይርሀመው፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ባለቤቴን መኪና ያስተማረው እሱ ነው፤ ከኔም ጋር ያገናኘው እሱ ነው። ከቦንጋ ቡና ጭኖ ሲመለስ፣ ወደ ጎጀብ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ መኪናው አመለጠውና ገደል ገባ። ፍሬን እምቢ አለው ተባለ። ሬሳውን ለማምጣት የሄደው ባለቤቴ ነበር። ተመልሶ ሲመጣ እሱም ያንኑ አለኝ፦ ፍሬን እምቢ አለው። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ከባለቤቴ ጋር ስንጣላ የኖርነው በገንዘብም በዘመድም አይደለም፤ በማርሽ ነው። ሚኒባስ ይነዳል፤ ከጅማ አጋሮ፣ ከአጋሮ ጅማ። ቁልቁለት ሲያገኝ፣ እንደ ባልደረቦቹ ሁሉ፣ ማርሹን ዜሮ ያደርግና መኪናውን ይለቀዋል። ያኔ ሞተሩ መኪናውን መያዙን ይተዋል፤ መኪናው በገዛ ክብደቱ ይንደረደራል፤ ከሞት የሚለየው ፍሬኑ ብቻ ነው። ነዳጅ ይቆጥባል ይላሉ። አጠገቡ ተቀምጬ እጁ ወደ ማርሹ ሲሄድ ባየሁ ቁጥር «ማሎ፣ እባክህ ተው!» እለዋለሁ። እሱ ይስቃል። ተሳፋሪውም አብሮት ይስቃል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉኛል፤ እባቡ የበላው ወንድሜን መሆኑን ግን ማንም አያስበውም።

ነዳጅ እየጠፋ ሲሄድ ነገሩ ባሰ። ማደያው ዘንድ ያለው ሰልፍ ጫፉ አይታይም ነበር። ባለቤቴ መኪናው ውስጥ አድሮ ተራ ሳይደርሰው የሚመለስበት ጊዜ ነበር። በሃይላንድ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር የሚሸጠውን ሲገዛ ደግሞ ውሃ ቀላቅለውበት ይሆን ብሎ ይጨነቃል። በዚያን ሰሞን ትንሽዬ ተዳፋት እንኳ ሳትቀረው ዜሮ እያደረገ ይወርድ ነበር።

ከዚያ መንግሥት ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪናና ሚኒባስ ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ ተባለ፤ የኤሌክትሪኩ ግን ይበረታታል። የባለቤቴ ማህበር ስብሰባ ጠራ። ለመኪናው ብድር ዋስትና የሚያዘው ቤታችን በሁለታችንም ስም ስለሆነ እኔም ሄድኩ። ከላይ የመጡ አንድ ኃላፊ ነበሩ፤ ሱፋቸው የተስተካከለ፣ ንግግራቸው የተስተካከለ። የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ተጨማሪ እሴት ታክስ የለበትም፣ ኤክሳይስ የለበትም፣ ሱር ታክስ የለበትም፤ ተበትኖ መጥቶ እዚሁ ከተገጣጠመ ደግሞ ከቀረጥም ነፃ ነው አሉ። ማህበሩ ተባብሮ ካስገባ መናኸሪያ ላይ ቅድሚያ ያገኛል አሉ። ሾፌሮቹ አንገታቸውን እየነቀነቁ ይሰሙ ነበር። አንድ ሽማግሌ ሾፌር እጃቸውን አውጥተው፣ «ክቡር ሆይ፣ ዝናብ ሲመታውስ?» ብለው ጠየቁ። ዝናብ አይፈራም ተባሉ። እኔም ተነሳሁና «ቢፈነዳስ?» አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ባለቤቴ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል። ያን ቀን ስለ ሳሩ ብዙ ተወራ። ሙሉ ቀን ስለ ቀረጥ ሲነግሩን ዋሉ፤ ስለ ቁልቁለት ግን የነገረን የለም። የጠየቀም የለም፤ እኔ ራሴ እንኳ አልጠየቅሁም። ሃያ ዓመት የሚያውቀውን መንገድ እንዴት ይወርደዋል ብሎ ሾፌርን ማን ይጠይቃል?

መኪናው መጣ። ነጭ ነው፣ ያምራል፣ ድምፅ የለውም። ማርሽ በሚኖርበት ቦታ እንደ ማሰሮ ክዳን እጀታ የምትዞር ክብ ነገር አለች፤ ወደ ፊት፣ ዜሮ፣ ወደ ኋላ፤ ሌላ የለም። ባለቤቴ እንደ ልጅ ሆነ። ማደያው ላይ የቆሙትን ሲያልፍ ጡሩምባ እየነፋ ነበር። እኔ ግን አዲስ ፍርሃት መጣብኝ። ግቢያችን ውስጥ ወፍራም ገመድ ተዘረጋ። ገመዱ ሲሞቅ እዳስሰዋለሁ። ቻርጅ ላይ ሲሆን ከቁርኣን አያተል ኩርሲይን ቀርቼበት ነው የምተኛው። ጎረቤቶቼ እሳት ያስነሳል ብለው ይጨነቃሉ ብዬ ባስብም የተጨነቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እነሱ ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ ይመጡ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ሾፌሮቹን ያበሳጫቸው ነበር። ሻጮቹ ይሄዳል ያሉትን ያህል አይሄድም። ባትሪው ቶሎ ይወርዳል። አንዱ ተራራው ነው ይላል፤ ሌላው ጣራ ላይ የምንጭነው የቡና ጆንያ ነው ይላል። ባለቤቴም እንደ ለመደው ቁልቁለት ላይ ያቺን ክብ ነገር ዜሮ ላይ ያዞራት ነበር።

«አሁን ምን ልትቆጥብ ነው? ነዳጅ የለው» አልኩት።

«ባትሪ ነዋ! ቁልቁለት ላይ በነፃ የሚሄደውን ለምን አቃጥላለሁ? መንዳት አስተምሪኛ ደግሞ» አለኝ።

ፍርሃት እንጂ እውቀት የለኝም።

የመጀመሪያ ልጃችን፣ ሴቷ፣ ከአጋሮ ወዲያ ባለች የቡና ከተማ ነው የተዳረችው። ባሏ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ተቆጣጣሪ ነው። አርግዛ ነበር። በኛ ደንብ የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው፤ የምጡ ቀን ሳይቀርብ መጥታ እኔ ጋ መቀመጥ ነበረባት። ግን የቡና ለቀማው ወቅት ሆነና ባሌን ጥዬው አልመጣም፣ ገና ነው፣ ትንሽ ይቆይ እያለች ቆየች። እናቴ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ትል ነበር። በየቀኑ እየደወልኩ ነይ እላታለሁ፤ «ኡሚ፣ አንቺ ደግሞ!» ትለኛለች።

ከእለታት አንድ ቀን ከቀትር በፊት ስልኬ ጮኸ። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ናት። ልጅሽ ደም እየፈሰሳት ነው፣ ምጡም ያለጊዜው ጀምሯታል፣ እዚህ ልንረዳት አንችልም፣ ጅማ መድረስ አለባት አለችኝ። አምቡላንሱ ሌላ እናት ይዞ ሄዷል። ባሏ ጫካ ውስጥ ማጠቢያው ጋ ነው፣ ኔትወርክ የለም። የያዝኩት መቀስ ከእጄ ወደቀ። የስፌት ቤቴን ሳልዘጋ ወጥቼ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ።

ከዋዜማው ጀምሮ መብራት ጠፍቶ ነበር። ባለቤቴ ቻርጅ ሳያደርግ ነበር ሥራ የወጣው። ከመሪው ኋላ ባለው ስክሪን ላይ፣ ከመቶ የሚቆጠረው የባትሪው ቁጥር ከግማሽ በታች ነው። የጓደኛውን የነዳጅ መኪና ሊለምን ሞከረ፤ ጓደኛው ማደያ ሰልፍ ላይ ነው። «እንሂድ፣ እዚያ መብራት ካለ እንሰካዋለን» አለኝ። እዚያ መብራት እንደማይኖር በልቤ አውቄ ነበር፤ ገባሁ።

አልነበረም። ስንደርስ ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ። ሰው ሁሉ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ላስቲክ ለማልበስ ይራወጣል። ጤና ጣቢያው ጨለማ ነው። ልጄ ከንፈሯ ነጥቷል። የኋላውን መቀመጫ ፍራሽ አንጥፈንበት አስተኛናት። አዋላጇ ግሉኮሱን ከጣራው እጀታ ላይ አንጠልጥላ አጠገቧ ተንበረከከች። እኔ ከፊት፣ ከባለቤቴ ጎን ተቀመጥኩ፤ አንገቴን ወደ ኋላ አዙሬ የልጄን እግር ይዤ። በረዶ ነበር የያዝኩት።

«አባ፣ ሱታ» አለችው። ቀስ በል ማለቷ ነው።

«እሺ ልጄ። ጀባዱ፣ በርቺ» አላት። ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር።

ያን መንገድ ስንሄድ የፈራሁትን ያህል በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም። የፈራሁት ሁለት ነገር ነው፤ ከኋላ የልጄን እስትንፋስ፣ ከፊት ያንን ቁጥር። ዳገት ስንወጣ ቁጥሩ ይወርዳል። ሃያ ሲሆን አየሁት። አሥራ ስምንት ሲሆን አየሁት። መኪናው ድምፅ ስለሌለው ዝናቡና የልጄ ማቃሰት ብቻ ነው የሚሰማው። የድሮው መኪና ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሞተሩ ይጮህልኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። ቁልቁለት ስናገኝ ባለቤቴ ዜሮ ያደርጋል፤ ቁጥሩ ባለበት ይቆማል። «ይኸው፣ አልወረደም» ይለኛል። ልጄን ለማዳን ከሆነ በዜሮም ይውረድ ብዬ ጥርሴን ነክሼ ያዝኩ። ሃያ ዓመት የጮህኩበትን ነገር ያን ቀን ዝም አልኩት።

አጋሮን ስናልፍ እዚያም መብራት የለም። ነጋዴው ሁሉ ጄኔሬተር አስነስቷል። ባለቤቴ ቆመን በጄኔሬተር እንሰካው ወይ በሚል ዓይን አዋላጇን በመስታወት አያት። ራሷን ነቀነቀች። «ደሟ እየቆመ አይደለም። እንዳትቆም» አለችው። ወደ ፊት ሄድን።

ከዚያ ወዲያ ባለው ዳገት ላይ ቁጥሩ አንድ አሃዝ ሆነ። ዘጠኝ። ስምንት። ቀይ መብራት በራ። ባለቤቴ በአረብኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ ዱዓ ያደርጋል፤ ሦስቱንም ቀላቅሎታል። የዳገቱ ጫፍ ላይ ስንደርስ ስድስት ይል ነበር። ከዚያ ረጅሙ ቁልቁለት ይጀምራል። ከታች ሌላ ዳገት አለ፤ ከዚያ ጅማ። በስድስት ያንን ዳገት እንደማንወጣው እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቄያለሁ።

ዜሮ አደረገው። መኪናው ለቀቀ። መንገዱ ርሷል፣ ጭጋግ ወርዷል፤ ፊት ለፊት ያለው አይታይም። ፍሬን እየረገጠ ነው፣ እየለቀቀ ነው፣ እየረገጠ ነው። ከዚያ ሽታው መጣ። የፍሬን ሸራ ሲቃጠል ምን እንደሚሸት ሾፌር ያገባች ሁሉ ታውቀዋለች። ያን ጊዜ የያዝኩት ጥርስ ተላቀቀ። ወንድሜን አየሁት። ገደሉን አየሁት። ልጄን እዚያ ገደል ውስጥ አየኋት።

«አስገባው!» ብዬ ጮህኩ። «ማርሹን አስገባ! ልጄን እንደ ወንድሜ ልታደርጋት ነው?»

«ባትሪው ያልቃል! ያልቅና መንገድ ላይ ትሞታለች!»

«ይለቅ! ገደል ውስጥ ከምትሞት መንገድ ላይ ትሙት! አስገባው!»

እንዲህ ያለ ቃል ከእናት አፍ ይወጣል? ወጣ። ልጄ ከኋላ «አባ፣ ማሎ» አለች፤ በጣም በቀጭን ድምፅ። ያቺን ድምፅ እምቢ የሚል አባት የለም። እጁን ሰነዘረና ክቧን ነገር ወደ ፊት አዞራት። ፊቱ ተስፋ የቆረጠ ሰው ፊት ነበር።

መኪናው ከኋላው ሰው እንደያዘው ሁሉ ፍጥነቱን ቀነሰ። ፍሬን አልረገጠም፤ እግሩ በአየር ላይ ነው። ሽታው እየሳሳ ሄደ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጠው ባለቤቴ ወደ መንገዱ አያይም፤ ወደ ቁጥሩ ያያል።

«መንገዱን እይ!» አልኩት።

«ሰባት» አለ።

«ምን?»

«ስድስት ነበር። ሰባት ሆነ።»

ስክሪኑን በጣቱ መታ መታ አደረገው፤ ተሳስቶ እንደሆነ ብሎ። ሰባት ነው። ጭጋጉ ውስጥ ቀስ ብለን እየወረድን ሳለ ስምንት ሆነ። አዋላጇ ከኋላ ምን ሆናችሁ አለች። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ዘጠኝ ደርሶ ነበር። መኪናው በማርሽ ሲወርድ ራሱን ይሞላል ለካ። እኛ ግን መኪናው ከመጣ ጀምሮ በየቁልቁለቱ ላይ የሚሰጠንን ስንመልስበት ኖረናል። ባለቤቴ እንባው በጺሙ ላይ ይወርድ ነበር፤ ለመጥረግ መሪውን መልቀቅ ስላልፈለገ ተወው።

የመጨረሻውን ዳገት እንዴት እንደወጣነው አላስታውስም። የማስታውሰው የልጄን እግር እያሸሁ ስሟን ስጠራ፣ እሷም መመለስ ስታቆም ነው። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ አንድ ይል ነበር። አልጋ ይዘው ሮጡ። በሩ ፊታችን ላይ ተዘጋ።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። ጎን ለጎን ተቀመጥን። ልብሴ ላይ ደም አለ። አላህ ሆይ እሷን ብቻ፣ ልጁን ባይሆንም እሷን እያልኩ ስለምን፣ ደግሞ እንዲህ ብዬ በመለመኔ እቀጣ ይሆን ብዬ እየፈራሁ ነበር። ባለቤቴ ወደኔ ሳይዞር መናገር ጀመረ።

«ወንድምሽን ከመኪናው ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ማርሹ ዜሮ ላይ ነበር። በእጄ ነካሁት። ፍሬኑ እምቢ ያለው ሲቃጠል ነው።»

አየሁት። ልመታው ፈለግሁ፤ እውነቱን ነው የምናገረው፣ በዚያ ወንበር ላይ፣ በዚያ ሰዓት፣ ልመታው ፈለግሁ።

«ታዲያ ይህን እያወቅህ አንተ ለምን ዜሮ ታደርጋለህ?»

«እሱ ነው ያስተማረኝ። ከተውኩት እሱ ተሳስቶ ነው የሞተው ማለት ይሆናል። እንደዚያ እንዲባል አልፈለግሁም።»

ሃያ ዓመት ስንጣላ የኖርነው ስለ ነዳጅ መስሎኝ ነበር። ቀና ስል በሩ ተከፈተና ነርሷ ወጣች። አፏን ሳትከፍት ፊቷን ለማንበብ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

«ሴት ናት። እናትየዋም ደም ሰጥተናታል፤ ተርፋለች» አለች።

ባለቤቴ ግንባሩን ወለሉ ላይ ደፍቶ ሱጁድ ወረደ።

ልጃችንና የልጅ ልጃችን የወጡ ቀን መኪናው ቻርጅ ተደርጎ ሞልቶ ነበር። አማቻችን ከኋላ ከነሱ ጋር ተቀመጠ። ከሆስፒታሉ ወደ ሄርማታ የሚወስደው መንገድ ትንሽ ተዳፋት አለው፤ ቁልቁለት ለመባል የማይበቃ። ባለቤቴ ጫፉ ላይ ሲደርስ እጁ በልማድ ወደዚያች ክብ ነገር ሄደች። ሳትነካት ግማሽ ላይ ቆመችና ተመለሰች፤ የኔን እጅ ያዘች፤ ወስዳ ክቧ ነገር ላይ አስቀመጠችው።

«አንቺ ያዢልኝ» አለኝ።

ያዝኳት። አሁንም እፈራ ነበር። ከኋላ ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ ልጄ እሹሩሩ ትላታለች። እቤት በር ላይ እስክንቆም ድረስ እጄን አላነሳሁም።